«በሕግ ይወሰናል»፦ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ማኅበሩና አድማው



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከአንድ በላይ ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ልኮልኛል። «መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሕግ አድማ መምታት ይችላል ወይ? የሠራተኛ ማኅበርስ ማቋቋም ይችላል?» ጠያቂዎቹ ነርሶችና መምህራን ናቸው፤ አንዷ ደግሞ የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት። አጭሩ መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ «ይቻላል፤ ማን እንደሚችል ግን በሕግ ይወሰናል» ይላል። ያ ሕግ ራሱን ችሎ እስከ ዛሬ አልወጣም። ረጅሙ መልስ ታሪክ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። አማርኛችን ለሥራ ማቆም የሰጠው ስም «አድማ» ነው። አድማ በድብቅ መማከርን፣ በሰው ላይ መዶለትንም የሚያመለክት ቃል ነው፤ «አድመኛ» የተባለ ሰው ተመሰገነ አይባልም። ቅሬታ ያለው ሰው ይጠበቅበት የነበረው ደጅ መጥናት ነው፤ ብቻውን፣ ማመልከቻውን ይዞ፣ ጌታው ዞር ብሎ እስኪያየው ድረስ። ደጅ ጠኚው መቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን እያንዳንዱ የሚለምነው የየራሱን ነው። አንድ ላይ ሆነው የመጡ ዕለት ነው ስማቸው የሚለወጠው። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሕጎቻችን የመንግሥት ሠራተኛውን ያዩት በዚሁ ዓይን ነው፦ ብቻህን አቤት በል፣ ተሰብስበህ አትምጣ።

ከ1954 እስከ 1966

ሠራተኛ በማኅበር እንዲደራጅ የፈቀደው ሕግ የመጣው በ1954 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 49 ነው። በኋላ አዋጅ ቁጥር 210 አጸናው። ሕጉ እንዲሁ ከላይ የተቸረ አልነበረም። የምድር ባቡር ሠራተኞችም ሆኑ የወንጂ ስኳር ሠራተኞች ከዚያ በፊት፣ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ሳይኖር፣ ተደራጅተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ተመሠረተ።

በዚያው በ1955 ኢትዮጵያ ሁለት የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶችን አጸደቀች፤ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን ቁጥር 87ን እና የኅብረት ድርድርን የሚመለከተውን ቁጥር 98ን። ቁጥር 87 ሠራተኞች «ያለ ምንም ልዩነት» ይደራጁ የሚል ነው፤ ለየአገሩ ሕግ የተወላቸው ወታደርና ፖሊስ ብቻ ናቸው። ቁጥር 98 በበኩሉ በመንግሥት አስተዳደር ውስጥ የተሰማሩ ሹማምንትን አይመለከትም። መምህር፣ ነርስ፣ የቧንቧ ውኃ ቴክኒሽያን ግን ከሁለቱም ስምምነቶች ጥላ ውጭ አይደሉም። የአገር ውስጡ አዋጅ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛውን በጅምላ ከሠራተኛ ማኅበር ውጭ አደረገው። በአንድ እጃችን ጄኔቭ ላይ ፈረምን፣ በሌላው አዲስ አበባ ላይ በሩን ዘጋን።

መምህራኑ ታዲያ ምን አደረጉ? ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸው ስብስብ ነበራቸው፤ በ1957 የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሚለውን ስም ያዘ። በሕግ ዓይን የሙያ ማኅበር እንጂ የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም። ስለ ማስተማር ዘዴ መወያየት ይችላል፤ ስለ ደመወዝ ሊደራደር የሚቀመጥበት ወንበር ግን በሕግ አልተዘጋጀለትም።

ከዚያ 1966 መጣ። የካቲት 11 ቀን መምህራን ትምህርት አቆሙ። ምክንያቱ ሁላችሁም የምታውቁት «ሴክተር ሪቪው» ነበር፤ የድሃ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እንዳያልፍ ያደርጋል ተብሎ የተፈራው የትምህርት ዕቅድ። በዚያው ዕለት የአዲስ አበባ ታክሲዎች የቤንዚን ዋጋ ጭማሪን ተቃውመው ቆሙ። በቀናት ውስጥ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፣ ሴክተር ሪቪውንም አቆየ። በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ።

ይህን ያህል ሁላችንም እናውቃለን። ብዙም ያልተወራለት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

የካቲት 28 ኢሠአማ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከመንግሥት ጋር ተደራደሩ፣ ስምምነት ተፈረመ፤ በአራት ቀን ውስጥ አለቀ። ጥያቄዎቹ ዝርዝር ነበራቸው፣ ጠያቂው አድራሻ ነበረው፣ «ተመለሱ» ሲል የሚሰማው ሰው ነበር።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጋቢትና ሚያዝያን ሙሉ መሥሪያ ቤቶቹ ተራ በተራ ቆሙ። አንዱ ሥራ ሲጀምር ሌላው ያቆማል። አንዱ ደመወዝ ይጠይቃል፣ ሌላው የበላይ ኃላፊው እንዲነሳለት ይጠይቃል። ከዝቅተኛው እርከን ያሉ ካህናት ሳይቀሩ የኑሮ ጥያቄ ይዘው ተነሱ። መንግሥት ከማን ጋር ይነጋገር? ሕጉ የመንግሥት ሠራተኛውን ማኅበር ስለከለከለ፣ ስለ ሁሉም ሆኖ የሚናገር፣ ስለ ሁሉም የሚፈርም ሰው አልነበረም። ሰበብ የሆነው ይህ ብቻ ባይሆንም፣ የእንዳልካቸው ካቢኔ ያንን ማዕበል ማስቆም ሳይችል እስከ ሐምሌ ተንገዳግዶ ወደቀ።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው፤ የጽሑፌም ፍሬ ይኸው ነው። ማኅበር የተከለከለ ሠራተኛ አድማ ከማድረግ አልታቀበም። ያጣው አድማውን የሚቋጭበትን መንገድ ነው። መንግሥትም ያጣው ይህንኑ ነው።

ደርግ

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ያወረደው አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 1፣ አድማንም ከለከለ። ልብ በሉ፤ ሥልጣን ላይ የወጣው በየካቲት አድማዎች ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው። በዚያው ወር ኢሠአማ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ብሎ በመጠየቁ ፕሬዚዳንቱ በየነ ሰሎሞንና ሌሎች መሪዎቹ ታሰሩ። ኢሠአማ ፈርሶ በ1969 በመኢሠማ ተተካ። ከዚያ በኋላ ማኅበር የሚባል ነገር አልጠፋም፤ እንዲያውም በየቦታው ነበር። ግን ከሠራተኛው ወደ መንግሥት የሚወጣ ድምፅ ሳይሆን ከመንግሥት ወደ ሠራተኛው የሚወርድ መመሪያ ማስተላለፊያ ሆነ። የዘመኑ ሰዎች «ማኅበር» ሲባል ፊታቸውን የሚያጠቁሩት በከንቱ አይደለም። አባል መሆን መብት ሳይሆን ግዴታ የሆነበትን ዘመን አይተዋል።

አንቀጽ 42

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከቀደሙት ሁሉ ርቆ ሄደ። አንቀጽ 42 በማኅበር የመደራጀት፣ በኅብረት የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት ያላቸውን ሲዘረዝር የመንግሥት ሠራተኛውንም አስገባው። ሁለት ገደብ አስቀመጠ፦ የሥራው ጠባይ የሚፈቅድለት ይሁን፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ይሁን። እኔ በገደቦቹ ቅር አይለኝም። ሚኒስትር ዴኤታ ማኅበር ያቋቁም የሚል ማንም የለም። ከዚያ ግን አንዲት ንዑስ አንቀጽ ተከተለች፤ በእነዚህ መብቶች የሚጠቀሙት የመንግሥት ሠራተኞች እነማን እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል የምትል።

ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በ1994 ወጣ፤ በ1999 በሌላ ተተካ፤ በ2010 እንደገና ተተካ። ስለ ቅጥር፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ዲሲፕሊን ብዙ ተጻፈ። የትኛው ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል፣ ከማን ጋር ይደራደራል፣ የትኛውስ ሥራ ማቆም ይችላል የሚለው ግን ሳይወሰን አለፈ። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ የ2011 ዓ.ም. ቁጥር 1156ን ጨምሮ፣ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይመለከትም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 421 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ሕገ ወጥ የሥራ ማቆምን ያስቀጣል። እንግዲህ አስቡት፦ ሕገ ወጡ አድማ ቅጣት ተቀምጦለታል፣ ሕጋዊው አድማ የትኛው እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። ሕገ መንግሥቱ በጸደቀ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሐኪም ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ያቺ ሐረግ ግን ገና አልተወለደችም።

በሰፈሬ ምሳሌ ላስረዳ። ልደታ ውስጥ ሁለት ነርሶች አሉ እንበል፤ አንዷ የግል ሆስፒታል፣ ሌላዋ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ትምህርታቸው አንድ ነው፣ ምናልባትም የሚሳፈሩት ሚኒባስ አንድ ነው። የግሏ ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም፣ የኅብረት ስምምነት መፈራረም ትችላለች። ሥራ ማቆም ግን አትችልም፤ ምክንያቱም ሆስፒታል በአዋጁ እጅግ አስፈላጊ ከተባሉት የሕዝብ አገልግሎቶች አንዱ ነው። ሆኖም ሕጉ አድማውን ሲነጥቃት በምትኩ አንድ ነገር ይሰጣታል፤ ክርክሩን አይቶ የሚወስን ጊዜያዊ ቦርድ አለ። የመንግሥቷስ? ማኅበር የለም፣ ድርድር የለም፣ አድማ የለም፣ ምትክም የለም። ያላት የግል አቤቱታ ነው። እዚያው ደጅ ጥናት ላይ ተመለስን ማለት ነው።

ያለ ሕግ የከፈሉ ሰዎች

ሐረጓ ባዶ ሆና ስትቆይ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አሉ። የመምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶ/ር ታዬ ወልደ ሰማያት በግንቦት 1988 ከውጭ ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዙ። በ1991 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ1994 ተፈቱ። የማኅበሩ አመራር አባል አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የዓለም መምህራን ድርጅቶች ጉዳዩን ለዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ አቀረቡት፤ ለዓመታት ከመዝገቡ ሳይወጣ ቆየ። እዚህ ደግሞ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የመምህራን ማኅበራት ስለ ስምና ስለ ንብረት ተካሰሱ፤ ክርክሩ በ2000 ዓ.ም. በሰበር ተቋጨ፤ በቀድሞዎቹ መሪዎች ሥር የነበረው ወገን ተሸነፈ። በአዲስ ስም ልመዝገብ ሲልም ተከለከለ።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ በነሐሴ 2010 የበረራ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ አቆሙ፤ ዘጠኝ ሰዎች ታሰሩ። በ2011 ተለማማጅና ሬዚደንት ሐኪሞች በየሆስፒታሉ ድምፃቸውን አሰሙ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጤና ባለሙያዎችን በአዳራሽ ሰብስበው ተነጋገሩ፤ ብዙ ሰው ግን ተናግሮ ሳይሆን ተነግሮት ወጣሁ አለ። በ2016 በደቡብ አንዳንድ አካባቢዎች ደመወዝ ለወራት የዘገየባቸው መምህራን ማስተማር አቆሙ። በግንቦት 2017 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የቀን ገደብ ሰጥተው፣ ገደቡ ሲያልፍ በብዙ ቦታ ሥራ አቆሙ። ብዙዎች ታሰሩ፤ ዓለም አቀፍ የመብት ድርጅቶችም መግለጫ አወጡ።

ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸውን አያችሁ? የ2017ቱ ጥያቄ የተሰባሰበው በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። ዕውቅና ያለው፣ በአባላቱ ድምፅ የተመረጠ ተደራዳሪ ስለሌለ ገጽ የከፈተና የጻፈ ሰው መሪ ሆኖ ታየ፤ መሪ መስሎ የታየውም ታሰረ። የታሰረ ሰው አይደራደርም። ሌላው ደግሞ ፈርቶ ስሙን ደበቀ። ስሙን ከደበቀ ሰው ጋር ስምምነት መፈረም አይቻልም። በቃ፣ የ1966ቱ መጋቢት ነው፤ የተለወጠው የጥሪ ወረቀቱ ስልክ ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

የታማሚውስ ነገር?

አንዳንዶቻችሁ «መምህር፣ ታማሚውስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥቁር አንበሳ የሚገኘው በክፍለ ከተማችን ነው። ከወለጋም ከጎጃምም መጥቶ ለካንሰር ሕክምና ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው በዚህ በኩል ስናልፍ እናየዋለን። የዚያን ሰው ቀጠሮ የደመወዝ መደራደሪያ ማድረግ ከባድ ነገር ነው፤ ድንገተኛ ክፍል፣ የወሊድ ክፍል፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል መቆም የለባቸውም ብዬ አምናለሁ። የዓለም ሥራ ድርጅት ተቆጣጣሪ አካላትም የሰው ሕይወት፣ ደኅንነትና ጤና የሚነካባቸውን አገልግሎቶች፣ ሆስፒታልንም የበረራ ቁጥጥርንም፣ ከአድማ ሊያግድ ይችላል ይላሉ። ግን እዚያው ላይ ይጨምራሉ፦ አድማ ለተከለከለ ሠራተኛ ገለልተኛና ፈጣን የሽምግልና መንገድ ይሰጠው። ማስተማር ደግሞ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

እንግዲህ የታማሚው ጥያቄ ሕጉ እንዳይወጣ ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ሕጉ መውጣት ያለበት ለታማሚው ሲባል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ተመልከቱ። ሥራ ለማቆም አስቀድሞ የ10 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል፣ የአባላት ስብሰባና ድምፅ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ማበረታቻ ሳይሆን ልጓም ነው። ሕግ የሌለው አድማ ግን ልጓም የለውም፤ የትኛው ክፍል እንደሚቆም፣ የትኛው እንደማይቆም የሚወስን አካል የለም።

ጎረቤቶቻችን ከዚህ ነፃ ናቸው እያልኩ አይደለም። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ለሁሉም ሠራተኛ አድማን ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ የመንግሥት ሐኪሞች 100 ቀን ሥራ አቁመው ሕዝቡ ብዙ ተጎድቷል። የማኅበሩ መሪዎችም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሳችኋል ተብለው ታስረው ነበር። ነገር ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በቀናት ውስጥ ፈታቸው፤ ለምን ቢባል ከማን ጋር ይደራደሩ? ማኅበሩ ስለነበረ መጨረሻው ፊርማ ሆነ። በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ የሚወሰነው መንግሥትና ማኅበራት በሚቀመጡበት የድርድር ምክር ቤት ነው። እዚያም ድርድሩ ይከሽፋል፣ አድማው ይከፋል፤ ግን ጠረጴዛው አለ።

ችሮታና ድርድር

በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተጨመረ፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ከፍ አለ። ጥሩ ነው፣ የተጨመረለት ሁሉ ይብላበት። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ በዚያ ቁጥር ላይ ከሠራተኛው ወገን ማን ተቀመጠ? ለምን 6,000? ለምን 5,500 ወይም 8,000 አልሆነም? ከጤፉና ከቤት ኪራዩ ጋር አስተያይቶ «ይህ አይበቃም፣ ይህን ያህል እንስማማ» ያለ ማን ነው? ሠራተኛው ጭማሪውን እንደ ሁላችን ከዜና ነው የሰማው። ደመወዝ ሲጨመር እንደ ችሮታ፣ ሲዘገይ እንደ ዕጣ ፈንታ የሚቀበል ሠራተኛ ደጅ ጠኚ ነው፤ የቀጠሮ ካርዱ ብቻ ነው ዘመናዊ የሆነው።

አዲስ ሕገ መንግሥት አያስፈልገንም። የተጻፈው ይፈጸም ነው የምለው። ሕጉ አራት ነገር ቢወስን ይበቃል፦ ከየትኛው የኃላፊነት ደረጃ በታች ያለ ሠራተኛ መደራጀት እንደሚችል፣ በመንግሥት ወገን ለድርድር የሚቀመጠው ማን እንደሆነ፣ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደማይቆሙና በምትካቸው ማን እንደሚዳኝ፣ እንዲሁም ሥርዓቱን ጠብቆ የጠየቀ ሠራተኛ በመጠየቁ ብቻ እንደማይታሰርና ከሥራ እንደማይባረር። ማኅበሩም የመንግሥት መመሪያ ማስተላለፊያ እንዳይሆን መሪዎቹን አባላቱ ብቻ ይምረጡ፤ የመኢሠማን ዘመን አይተናል።

ለጠየቃችሁኝ ልጆቼ ደግሞ፦ እስከዚያው ድረስ አንቀጽ 42ን አንብቡት። ሙሉውን፣ እስከ ንዑስ አንቀጿ ድረስ። በየስብሰባው «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ስለ አበልና ስለ ሰርቪስ ብቻ አትጠይቁ። «በሕግ ይወሰናል የተባለው ሕግ የት ደረሰ?» በሉ። ይህን መጠየቅ አድማ አይደለም፤ ሕገ መንግሥት ማንበብ ነው።